በክንፉ የሚታወቅ

ወይዘሮ ጽጌረዳ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሰማዩን ሲያዩ ቆዩና “እንግዲህ ይኼም አሞራ ነው፤ ያም አሞራ ነው። ለእኔ አሞራ አሞራ ነው” አሉ።

ሄራን ሳቀች። “አንድ አይደሉም እኮ፣ እማማ። ክንፋቸውን ይዩ። ያ ከላይ ያለው ክንፉን እንደ ሳንቃ አጋድሞታል፤ አይነቃነቅም። እሱ ንስር ነው። ይኼኛው ግን ሁለት እጁን ለልመና እንዳነሣ ሰው ክንፉን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ፣ እንደ ሰካራም ወዲህና ወዲያ ይላል። ጥንብ አንሣ ነው።”

“ቀለሙን አታዪም?”

“ቀለም ከሩቅ ይዋሻል። ፀሐይ ከጀርባው ከሆነች ነጩም ጥቁር ይሆናል። የማይዋሸው አበራረሩ ነው።”

“ጉድ እኮ ነው! ሁሉንም በስሙ! ክርስትና ያነሣሽው ነው የሚመስለው።”

ከኋላቸው የቆመው ልጃቸው ቃለአብ ከት ብሎ ሳቀ። “እማዬ፣ ተጠንቀቂ። እኔን ክረምቱን ሙሉ አስተምራኝ እስካሁን ዳክዬና ዝይ ይምታታብኛል።”

“አንተማ ድሮስ በግ ከፍየል መቼ ለይተህ ታውቃለህ!”

ሚያዝያ ሊያልቅ ነው። በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ከኦሮራ ከተማ በስተ ምሥራቅ ባለው የውኃ ማጠራቀሚያ ዳር ነፋሱ ገና ጥርስ አለው። ወይዘሮ ጽጌረዳ በነጠላቸው ላይ የልጃቸውን ወፍራም ጃኬት ደርበው በሸራ ወንበር ተቀምጠዋል። ሄራን አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ናት፤ ሩቅ ማያ መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ እየመጣች የሚያልፉትን ወፎች ትቆጥራለች። ያላወቀችውን ወፍ “ያልታወቀ” ትላለች እንጂ ገምታ ስም አትሰጥም።

ይህን ያስተማራት አባቷ ነው። በደርግ ጊዜ የአየር መቃወሚያ ወታደር ነበር። የሚመጣው አውሮፕላን የማን እንደሆነ ድምፁ ሳይደርስ ከቅርጹ መለየት ነበር ሥራው፤ ቢሳሳት የወገኑን ሰው ይጥላል። አሜሪካ መጥቶ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ አረጀ። ዓይኑ ሥራ ሲፈታበት ወደ ወፍ ዞረ። “በአንድ ምልክት ስም አትስጪ፤ ሁለተኛውን ጠብቂ” ይላት ነበር። እሱም ሞተ። እናቷ የሞተችው እሷ ሕፃን ሳለች ነው። ሄራን በዚህ አገር ከሥራ ባልደረቦቿ በቀር ሰው አልነበራትም።

ከዚያ ቃለአብ መጣ። እሱንም ያመጣው ወፍ ነው። ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ማቋረጫ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ጭልፊት በላይዋ አለፈ። አንጋጣ ስታይ 15 ቁጥር መጥቶ ቆመ፤ በሩም ተከፈተ፤ እሷ አላየችም። ሾፌሩ ጠበቃት፣ ጠበቃትና በአማርኛ “እመቤት፣ አሞራው መሳፈሪያ አይጠይቅሽም፤ እኔ ግን ሰዓት አለብኝ” አላት። ከአባቷ ቀብር ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

ቃለአብ አዲስ አበባ ተወልዶ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያደገ ነው። በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። በዕድሜ ከሄራን ጥቂት ያንሳል። ጋብቻቸውን በቁርባን ሊያደርጉ ቆርጠዋል፤ እናቱ የመጡትም ለዚሁ ነው። ሄራን ሽማግሌ የሚላክበት ቤት የላትም። ወይዘሮ ጽጌረዳ ገና ከአውሮፕላን ጣቢያው በር ሲወጡ “ላኪም እኔ፣ ተቀባይም እኔ!” ብለው አቅፈዋት ነበር። ሄራን እንዲያ ታቅፋ አታውቅም።

አሁን ቃለአብ መኪናውን ሊያሞቅ ሲሄድ ወይዘሮ ጽጌረዳ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አሳረፉ። “ስሚኝ፣ የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ። ጠዋት ስጸልይ ሄራን እያልኩ ነው የምጠራሽ፤ ልክ አይመጣልኝም።”

“ወለተ ኪዳን።”

“ወለተ ኪዳን” አሉ ደገሙና። “የት ነው የተጠመቅሽው?”

“ደብረ ዘይት። የተወለድኩት እዚያ የወታደር ካምፕ ውስጥ ነው። አባቴ ያኔ ሰሜን ግንባር ነበር።”

“እናትሽስ? ስሟ ማን ነበር?”

“ብርቅነሽ።”

ጉልበቷ ላይ የነበረው እጅ ተነሣ። የተነሣው ቀስ ብሎ ነው፤ ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ጽጌረዳ ጃኬቱን ሰበሰቡና ውኃውን አዩ። ነጫጭ ፔሊካኖች በአንድነት ሲዞሩ እንደ በረዶ አብረቀረቁ፤ ሄራን ግን አልቆጠረቻቸውም።

“በረደኝ” አሉ። “ቤት እንሂድ።”

መኪናው ውስጥ ከፊት ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሄራን ከኋላ ሆና በጎን መስተዋቱ አየቻቸው። አልተኙም። የተኛ ሰው ከንፈሩን አይነክስም።

*

በማግሥቱ ወይዘሮ ጽጌረዳ ስልክ አላነሡም። በሦስተኛውም ቀን አላነሡም። ሄራን በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አልጋ እያነጠፈች፣ መድኃኒት እያደለች ነገሩን ስታብላላው ዋለች። ወታደር፣ ካምፕ፣ እናቷን የማታውቅ። እሳቸው የሠፈራቸው ሰው የሚነሣላቸው ወይዘሮ ናቸው፤ ልጃቸው የዲያቆን አስተዳደግ ያደገ ነው። “አልወደዱኝም” አለች። አንድ ምልክት አይታ ስም ሰጠች።

ረቡዕ ጠዋት የቃለአብን አውቶቡስ ተሳፍራ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። እንደ ወትሮው አልቀለደም።

“እማዬን ምን አልሻት?” አለ መንገዱን እያየ።

“እኔ?”

“ከቅዳሜ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። ትናንት ጭራሽ ትኬቴን ለውጥልኝ አለችኝ። ሠርጉ ሳይደርስ ልትሄድ!”

“ምንም አላልኳቸውም። የጠየቁኝን መለስኩ።”

“ምን ጠየቀችሽ?”

“ማን እንደሆንኩ። ሲሰሙት አልጣማቸውም።”

“እማዬ እንደዚያ ያለች ሰው አይደለችም።”

“ታዲያ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው? አንተ ንገረኛ! እናትህን የምታውቃቸው አንተ ነህ።”

ቀይ መብራት ያዛቸው። ቃለአብ በመስተዋቱ አያት።

“በመስተዋት አትየኝ” አለችው። “ልታየኝ ከፈለግህ ዙርና እየኝ።”

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ሳይዞር ነዳ። የምትወርድበት ስትደርስ “ሄሩ…” አላት፤ እሷ ግን ወርዳለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ስታጥብ፣ የሰው ፀጉር ስታበጥር ዋለች። የራሷን ፊት መስተዋት ውስጥ ማየት ግን አስጠላት።

*

ሐሙስ ቃለአብ ሥራ ላይ ሳለ ፒዮሪያ አጠገብ ወዳለው አፓርታማው ሄደች። ወይዘሮ ጽጌረዳ በሩን ከፍተው ሲያዩዋት አልደነገጡም፤ የሚጠብቋት ይመስሉ ነበር።

ሄራን ከመቀመጧ በፊት ተናገረች። “እማማ፣ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፤ ልጣላ አይደለም። የወታደር ልጅ መሆኔ ነው? ካምፕ ውስጥ መወለዴ ነው? እናት አልባ መሆኔ ነው?”

“ምነው ልጄ! ምነው!” አሉ። “እኔስ የት የኖርኩ መሰለሽ?”

ሄራን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“ቃለአብ የማያውቀው ነገር ነው። የመጀመሪያ ባሌ ደብረ ዘይት አየር ኃይል መካኒክ ነበር። እዚያው ሞተ። አዲስ አበባ ገብቼ የቃለአብን አባት ሳገባ ያንን ዘመን ዘጋሁት፤ አላወራውም።” ቁጭ አሉ። “ብርቅነሽ ጎረቤቴ ነበረች። ቤታችን በአንድ ግድግዳ ነው። አባትሽ ግንባር፣ ዘመዶቿ ሩቅ። ሰማንያ ቀንሽ ሲደርስ ‘ጽጌ፣ ማንም የለኝ፤ ልጄን አንቺ ተቀበይልኝ’ አለችኝ። ያኔ ሄራን አልተባልሽም፤ እኔ የማውቅሽ ወለተ ኪዳን ብዬ ነው። ከውኃው ስትወጪ ቤተ ክርስቲያኑ እስኪሰነጠቅ ጮኽሽ። ነጠላዬ ውስጥ ስትገቢ ዝም አልሽ። በእነዚህ እጆች ነው የተቀበልኩሽ።”

ሄራን እጆቹን አየች። ደም ሥራቸው የወጣ፣ የደረቁ እጆች ናቸው። በዚያች ቅጽበት ልቧን የሞላው ሌላ ምንም ሳይሆን ደስታ ነው። እናቷን የሚያውቅ ሰው አገኘች። ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

“ምን ትመስል ነበር?”

“ማን?”

“እናቴ። አንድ ፎቶ እንኳን የለኝም። ምን ትመስል ነበር?”

ወይዘሮ ጽጌረዳ እንባቸው መጣ። “ቀጭን ነበረች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ወጥ ጨው አይበቃውም እያለች ጨው ታበዛለች፤ እኔ እሰድባታለሁ። አንገቷ ያንቺ ነው። ያን ቀን ወደ ሰማይ ስታንጋጪ አንገትሽን አይቼ፣ የት ነው የማውቀው እያልኩ ነበር።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ በሰማንያ ሦስት ጦሩ ፈረሰ። ካምፑ በአንድ ሳምንት ተበተነ። ማን የት እንደገባ ማን ያውቃል? ብርቅነሽም በዚያው ዓመት መሞቷን ከሰው ሰማሁ። ሕፃኗን አባቷ ወስዷታል አሉ።” ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ። “ልጄ፣ አልገባሽም እኮ። ገና አልገባሽም።”

ያኔ ገባት። የክርስትና እናትና የክርስትና ልጅ። በሥጋ የተወለደውና በውኃ የተወለደችው ወንድምና እኅት ናቸው፤ አይጋቡም። ይህን ለማወቅ ቄስ መሆን አያሻም። ማንም ሐበሻ ልጅ ሆኖ ይሰማዋል።

“ለቃለአብ ነግረውታል?”

“ለማንም አልነገርኩም። ሳልናገር ልሄድ ነበር፤ ትኬቴን ለውጥልኝ ያልኩት ለዚያ ነው። ቆሜ እልል ማለት አልችልም ብዬ ነው። አንቺ መጣሽብኝ። ዓይንሽን እያየሁ መዋሸት አልቻልኩም።” ድምፃቸው ዝቅ አለ። “ብርቅነሽ የለችም። ያጠመቁሽ ቄስም የሉም። እኔ ዝም ካልኩ የሚያውቅ የለም። ዝም በይ በይኝ፤ ዝም እላለሁ።”

“እግዚአብሔርስ?”

“እሱን ለእኔ ተዪው። ኃጢአቱ የእኔ ይሁን። አንቺ ምንም አልሰማሽም።”

ሄራን ራሷን ጭናቸው ላይ አስደግፋ ቆየች። ወይዘሮ ጽጌረዳ ፀጉሯን ይዳብሳሉ። በሕይወቷ ስትፈልገው የኖረችው እጅ ነው፤ ቢዳብሳት ኖሮ ብላ የተመኘችው እጅ። ዳበሳትም፤ ከበዳትም።

*

ዓርብ ቃለአብ ደወለ። ድምፁ የበዓል ነበር።

“ምን አድርገሽላት ነው? እማዬ በላች! ሳቀች እኮ! ደግሞ ቀሲስ ቀን ሰጥተውናል፤ ከጰራቅሊጦስ በፊት ያለው እሑድ። ሄሩ፣ ሰማሽኝ?”

“ሰምቻለሁ።”

“ደስ አላለሽም?”

“ደስ ብሎኛል” አለች። ስልኩን ስትዘጋ አፏን ኮመጠጣት። ወይዘሮ ጽጌረዳ ዝም ብለዋል፤ አሁን ዝምታው የእሷ ሆነ። በልቧ ዓመታቱን አሳለፈቻቸው፤ ቁርባኑ፣ ልጁ፣ የልጁ ክርስትና። ቃለአብ አጠገቧ ተኝቶ፣ አምኗት፣ እንቅልፍ ወስዶት። እሷ ግን ነቅታ።

ሰኞ እሱ የሚነዳውን አውቶቡስ እስከ መስመሩ መጨረሻ ሄደችበት። ሰው ሁሉ ወርዷል። ቃለአብ ለዕረፍቱ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሰንድዊቹን ከወረቀቱ እያወጣ “እንብላ” አላት።

“ቃለአብ፣ እናትህ የክርስትና እናቴ ናቸው።”

ፈገግ አለ። ቀልድ መሰለው። “የማን?”

“የእኔ። ደብረ ዘይት፤ አንተ ከመወለድህ በፊት። እሳቸው ነገሩኝ። እንዲያውቁኝ ያደረጋቸው ያ የጠየቁኝ የእናቴ ስም ነው።”

ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፤ የሚያነሣው ሰው እንደጠፋ ዕቃ። ሰንድዊቹን ወረቀቱ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ሄራን ፋታ አልሰጠችውም። ያዘጋጀችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወጣችው።

“ስማኝ። ጋብቻ ወደሚመዘገብበት የካውንቲው ቢሮ እንሂድ። ኮሎራዶ ቄስም ዳኛም አይጠይቅም፤ እኔና አንተ ራሳችን ፈርመን እንጋባለን። ነገ ከሥራ ኦፍ ነኝ። ቁርባን ይቅርብን። እልልታ ይቅርብን። ሰው ያልፈለገን እንደሆነ ሰው ወደማያውቀን እንሂድ። እኔ እሄዳለሁ። አንተ ብቻ እሺ በለኝ።”

“ለምን ነገርሽኝ?” አለ።

“ምን?”

“እማዬ ዝም ብላ ነበር። አንቺም ዝም ብትይ ምን ነበረበት? ባላውቅ ኖሮ…” ድምፁ ተሰበረ። “ባላውቅ ኖሮ ምንም አልነበረም እኮ፣ ሄራን!”

“አንተ ሳታውቅ እኔ አውቄ አጠገብህ ልተኛ?”

“አዎ!” አለ። ወዲያው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። “አይ። አይደለም። ምን እንደምል አላውቅም።”

“ዝምድና የለንም። ደም የለንም።”

“ውኃ አለን።”

“ውኃ ምንድን ነው?”

“እንደሱ አትበይ። አንቺ እንደሱ ብለሽ አታውቂም።” አንገቱን ደፋ። “እኔ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው ያደግሁት። ስንት ሙሽሮች ሲጠየቁ ቆሜ ሰምቻለሁ። አንዴ እንዲህ ያለ ነገር ተገኝቶ ሠርግ ሲቀር አይቻለሁ። ልጅ ነበርኩ፤ ትክክል ነው ብዬ ነበር። ማን አውቆት!”

“እሺ በለኝ፣ ቃለአብ። አንድ ቃል ናት።”

እጁን ወደ ጉንጯ ዘረጋ፤ ዘወትር እንደሚያደርገው። እጁ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ትከሻዋ ላይ ዐረፈና ሁለቴ መታ መታ አደረጋት፤ ሰው ለቅሶ ቤት ውስጥ ወዳጁን እንደሚያጽናናው። ሄራን ያችን እጅ አወቀቻት።

በሩ ተንኳኳ። ውጭ የገበያ ከረጢት የተሸከመች አሮጊት ቆማለች። ሰዓቱ ደርሷል። ቃለአብ ዓይኑን ጠርጎ በሩን ከፈተና አሮጊቷን በእንግሊዝኛ “እንደምን አደርሽ” አላት። ሄራን ወደ መጨረሻው ወንበር ሄዳ ተቀመጠች። ኮልፋክስን ሁሉ፣ በየማቆሚያው እየቆሙ፣ በአንድ አውቶቡስ ውስጥ አብረው ሄዱ። እንዲህ ተራርቀው አያውቁም።

*

ቅዳሜ ብቻዋን ውኃው ዳር ነበረች። መነጽሩን ዓይኗ ላይ አድርጋ ከማዶ ያለውን ሣር ስትቃኝ፣ ከመኪና ማቆሚያው አንድ ሰው ሲወርድ አየች። ፊቱ አይታይም፤ ከዚያ ርቀት ፊት አይለይም። አረማመዱ ግን የእሱ ነው።

መነጽሩን አላወረደችም። ደስ ብሎት የሚመጣ ሰው ክንዱ ይወዛወዛል፤ የእሱ እጆች ከኪሱ አልወጡም። መንገዱን እየቆራረጠ ይቆማል። ውኃውን ያያል፤ ነገር ግን የሚያየው ነገር አልነበረም። የቸኮለ ሰው ዳገቱን አቋርጦ ይመጣል፤ እሱ ግን በረጅሙ ዞረ። ሄራን በዚህ ጊዜ በአንድ ምልክት አልቸኮለችም። ሁለተኛውን ጠበቀች፤ ሦስተኛውንም። ከዚያ መነጽሩን አወረደችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ከሣሩ በላይ አንድ ወፍ ዝቅ ብሎ አለፈ።

“ያ ምንድን ነው?” አላት።

“አንተ ንገረኝ።”

“ሣሩን እየዳሰሰ ይሄዳል። ክንፉን ከፍ አድርጓል። ከጅራቱ በላይ ነጭ አለው።” ዓይኑን ከወፉ አልነቀለም። “ያ የረግረግ ጭልፊት የምትይው ነው።”

“እሱ ነው።”

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን አወቀው። አንዳቸውም ደስ አላላቸውም።

“ሄሩ…”

“አትናገረው።”

“መናገር አለብኝ።”

“ከመኪናህ ስትወርድ ነግረኸኛል” አለችው።

ቃለአብ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ወንድ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ ትከሻው ብቻ እየተነቃነቀ። ልታቅፈው እጇ ተነሣ። በምን ስም ታቅፈው? መለሰችው፤ እጇም ባዶነቱ ተሰማው።

*

ወይዘሮ ጽጌረዳ የሚሄዱበት ቀን ሦስቱም አውሮፕላን ጣቢያ ተገናኙ። ሄራን በባቡር መጣች፤ እሱ እናቱን በመኪናው አመጣ። ሻንጣው ከተመዘነ በኋላ ሰዎች በሚፈተሹበት ሰልፍ አፋፍ ላይ ቆሙ። በዙሪያቸው ሰው እንደ ጎርፍ ያልፋል።

“ምራት ልይ ብዬ መጣሁ” አሉ ወይዘሮ ጽጌረዳ የሄራንን እጅ ይዘው። “ልጅ አገኘሁ። ሰው በዚህ ያለቅሳል?”

“አያለቅስም፣ እማማ።”

“እማማ አትበዪኝ። እማማ የጎረቤት ነው።”

ሄራን ቃሉን በሕይወቷ ለማንም ተናግራው አታውቅም። “እማዬ” አለች። ቃለአብ ፊቱን ወደ ሰልፉ አዞረ።

“እሑድ እሑድ እደውልልሻለሁ። ስልክሽን አንሺ። በላሽ ወይ፣ በረደሽ ወይ እልሻለሁ፤ ይሰለችሻል። ለአንዳንዱ ጥሪ አታነሺም። ያኔ እናት አለሽ ማለት ነው።” ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ቃሌ።”

“አቤት፣ እማዬ።”

“እኅትህን አደራ።”

ቃለአብ ወለሉን አየ። የሰው ጫማ፣ የሻንጣ ጎማ ያልፋል።

“ሰማኸኝ?”

“ሰምቻለሁ።”

“ሰማሁ መልስ አይደለም። ብቻዋን ናት። ብትታመም አንተ ነህ፤ ቢጨንቃት አንተ ነህ። ሰው የወደዳት እንደሆነ ሽማግሌ የሚላከው አንተ ቤት ነው። እኅትህን አደራ።”

አንገቱን ቀና አድርጎ ሄራንን አያት፤ ዞሮ፣ ፊት ለፊት፣ ያለ መስተዋት።

“እሺ” አለ።

ያቺን አንዲት ቃል ከእሱ አፍ ለማግኘት ለምናው ነበር። ይኸው መጣች። ሄራን ራሷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለቻት።

ወይዘሮ ጽጌረዳ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቀድመው እሱን ሳሙት፤ ግራና ቀኝ፣ ደጋግመው። ከዚያ እሷን ሳሟት፤ እንደዚያው ግራና ቀኝ፣ እንደዚያው ደጋግመው፣ አንዱን ከሌላው ሳያስበልጡ።